ለመከሰስ የበቁት አዛውንት

ኦቦ ጉተማን የማውቃቸው ሮቤ ከሚገኘው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምማር ነው። ታሪካቸውን በሚገባው ልክ ለመጻፍ አቅሜን ብጠራጠርም፣ ለመከሰስ እንዲህ የሚቋምጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ያኔ ጃርሶ የተባለውን ጎረቤታቸውን «ሽፍታ ያበላል» ብለው በሐሰት ጎባ አሳስረውታል። ጃርሶ ዛሬ በሕይወት የለም። ባለቤቱ አዴ ዙቤዳ ግን ዘንድሮ ጉዳዩን ለአገር ሽማግሌዎች አቀረቡ።

ኦቦ ጉተማ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን ተላጭተው ሰርግ እንደተጠራ ሰው ተሰናዱ። ልጃቸው ቱፋ ግን ጥፋተኛ ከተባሉ ካሳውን ጎሳው በሙሉ አዋጥቶ ስለሚከፍል፣ «አባቴ ጃጅተዋል፤ ሊጠየቁ አይገባም» ብሎ ተከራከረ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው አእምሯቸውን ሊፈትኑ መንደሩ ከሚሸመገልበት የዝግባ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ክንዳቸውን ደግፌ ወሰድኳቸው።

«እስቲ አባቶችህን ቁጠር» አሏቸው ሰብሳቢው ሀጂ ዘይነዲን።

ኦቦ ጉተማ ሳይተነፍሱ ቆጠሩ። የራሳቸው ሲያልቅባቸው የሀጂን አባቶች መቁጠር ጀመሩ።

«የእኔን ተወኝ፣ አልተከሰስኩም» አሉ ሀጂ እየሳቁ።

«ይህማ የልጅነት ትምህርት ነው» አለ ቱፋ። «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?»

ኦቦ ጉተማ ወደ እኔ ዞሩ። «ቁርስ በልቼ ነበር እንዴ?»

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። «ጨጨብሳ» አልኩ። ቱፋ ፈገግ ሲል የአባቱ ፊት ጠቆረ፤ ዛሬ ካልተጠየቁ ሌላ ዕድል እንደማያገኙ ያውቃሉ።

አዴ ዙቤዳ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። «ጉተማ፣ ልትወስደው የመጣህ ዕለት ጃርሶ ምን ይዞ ነበር?»

«ልጓም። በቅሎዋን ውኃ ሊያጠጣ ነበር። እሷንም ለማኅበሩ ነው ብዬ ወስጄ ራሴ ጋለብኳት።»

አዴ ዙቤዳ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። «እሷንስ ረስቻት ኖሯል። ክሱ ውስጥ የለችም።»

«ከሳሽ የረሳችውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው ጃጀ አይባልም» አሉ ሀጂ። «ጉተማ፣ ትጠየቃለህ።»

«ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ ኦቦ ጉተማ። ሹመት ያገኙ ይመስል የእያንዳንዱን ሽማግሌ እጅ እየዞሩ ጨበጡ። ከዚያ መሐል ላይ ቆሙ። «ጃርሶ ሽፍታ አላበላም። መሬቱ ከመሬቴ ስለሚሻል ዋሸሁበት።»

«ይህን ከአፍህ መስማት ነበር የምፈልገው» አሉ አዴ ዙቤዳ። «ይቅር ማለቱ ግን ዛሬ አልመጣልኝም።»

«ነገ ልምጣ?»

«ና። ልጅህንም ይዘኸው ና። ያልከውን ቤቴ ቁጭ ብሎ እንደገና ይስማ።»

ቱፋ አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ማለዳ በመስኮቴ ሳይ፣ ኦቦ ጉተማ ጋሪው ላይ ቀድመው ወጥተዋል፤ ጫማውን በዝግታ የሚያስረውን ልጃቸውን «ፍጠን እንጂ፣ ሐሳቧን ሳትለውጥ እንድረስ» እያሉ ያጣድፉታል።