የሚንተከተከው ጠርሙስ

ሰሞኑን ወረታ ላይ ለወጣት ነርሶች ሥልጠና ስንሰጥ፣ አንዱ ሠልጣኝ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የምንሰጠው የመተንፈሻ ድጋፍ አልበቃ ሊላቸው ሲል አስቀድሞ በምን እንደሚታወቅ ጠየቀኝ። መልሱን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ይርገዱ የምትባል ሴት ስም ነበር፤ ዋጥኩት።

ያገኘኋት እዚሁ ወረታ ነው፤ ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ነሐሴ ነበር፤ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ሰው ሁሉ ሩዙን ሲያርም ጭቃ ውስጥ የሚውልበት ወር። ይርገዱንም ምጥ የያዛት አረም ላይ ሳለች ነው። ልጇ በሰባት ወሩ ተወለደ፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥ። በአፍንጫው አየር የሚሰጥ ቀጭን ቱቦ አስገባንለት፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ቀን ከሌት ይንተከተካል።

ባሏ ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ እንጀራና እርጎ ሲያመጣላት እኔ ካልቀመስኩ አትበላም ነበር። ወደድኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተክዛ ሳያት ላጽናናት ብዬ ጠርሙሱን አሳየኋትና፣ "አይዞሽ፣ ይሄ እስከተንተከተከ ድረስ ልጅሽ ደኅና ነው" አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ጠርሙሱ የሚናገረው አየሩ መግባቱን እንጂ ሕፃኑ መተንፈስ መቻሉን አልነበረም። ይህንን ተምሬው ነበር፤ ባላውቀው ኖሮ ሐዘኔ ይቀልልኝ ነበር።

ሌላ ክፍል ሥራ በዝቶብኝ የተመለስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ይርገዱ ዐይኗን ከጠርሙሱ ሳትነቅል ተቀምጣለች። ውሃው ይንተከተካል፤ የልጁ ደረት ግን በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሩም ጠቁሯል። ወዲያው አምቡላንስ አስጠርቼ፣ በእጅ በሚጨመቅ ፊኛ አየር እየገፋሁለት ወደ ባሕር ዳር ይዘነው ወጣን። መንገዱን ጎርፍ በልቶት መኪናው ያዘግማል። ሐሙሲት ስንደርስ እጄ ላይ ዐረፈ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ይርገዱ ሻሿን ፈትታ ልጇን ጠቀለለችበት።

"ጎኑ መጎድጎድ የጀመረው ረፋድ ላይ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ። "በጥጃ አውቀዋለሁ፤ እንዲያ የሚተነፍስ ጥጃ ውሎ አያድርም። ልጠራሽ ተነሥቼ ነበር። ውሃው ሲንተከተክ ባየው ጊዜ፣ ሲስተር ታውቃለች ብዬ ተቀመጥሁ።"

ረፋድ ላይ ብትጠራኝ ኖሮ በሕይወት ሳለ ባሕር ዳር በደረስን ነበር። እኔ ማልቀስ ስጀምር እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ "አይዞሽ" አለችኝ። ያችው የእኔ ቃል ነበረች።

ለሠልጣኙ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነገርኩትና ሠልጣኞቹን ሁሉ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወሰድኳቸው። አንዲት ወጣት እናት ጠርሙሱን ትክ ብላ እያየች ተቀምጣለች። ወንበሯን ወደ ልጇ አዞርኩላትና ሁልጊዜ እንደማደርገው ከጠዋት ጀምሮ ምን እንዳየች ጠየቅኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ መናገር ጀመረች።

ይርገዱን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።