ደጃፍ ላይ የምትታለበው ላም

ፈትያ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ቦራ በምትባል አንዲት ላም ነበር። አዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ጎህ ሲቀድ ላሚቱን ታልብና ወተቱን ለደንበኞቿ ታዳርሳለች። ከሁሉም አንጀቷን የሚያሳርሯት የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ጋሽ ግዛቸው ነበሩ።

ያን ዓመት ቦራ ልትነጥፍ ስትቃረብ ወተቷ ጥቂት፣ ቅባቱ ግን ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ጋሽ ግዛቸው ስልባቦቱን በማንኪያ እያነሱ መብላት ለመዱ። ከዚያ ላሚቱ ነጠፈች፤ ወለደች። ቢጫው እንገር ለጎረቤት ተዳርሶ አለፈ፤ ወተቱም ይፈስ ጀመር፦ ብዙ፣ ግን ቀጭን።

"ፈትያ፣ ውሃ ጨምረሻል።"

"ወላሂ ጠብታ አልጨመርኩም! አራስ ላም ወተቷ ይበዛል እንጂ ቅባቱ ትንሽ ነው። ጥጃዋ ስትጠና ይወፍራል፤ ትንሽ ይታገሱ ጋሼ።"

"ላሟ ያችው፣ አላቢዋ ያችው። ወተቱ ብቻ እንዴት ሌላ ሆነ? ሸንጎ ከቀረብሽ ወተት መሸጥሽ ያከትማል፣ እወቂው!"

ፈትያን አንገፈገፋት። በማግስቱ ቦራን በገመድ እየሳበች፣ ጥጃዋን አስከትላ ደጃቸው ደረሰች።

"ጆግ ያምጡ!"

ጥጃዋን ጥቂት አስጠብታ እፊታቸው አለበች። ጋሽ ግዛቸው ቀመሱ። ቀጭን ነው። ደግመው ቀመሱ።

"ከቤት ስትወጪ ውሃ አጠጥተሻታል።"

"ላም ውሃ አትጠጣ እንዴ?!"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት በሩ ላይ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። "ኧረ እርስዎ ሰውዬ! ልጅ ሳጠባ የኔም ወተት እንዲሁ ይለዋወጥ ነበር፤ ምነው እኔን ሸንጎ ሳያቀርቡኝ ቀሩ?"

"አንቺ ዝም በይ! ከዛሬ ጀምሮ ላሟ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ ትታለባለች።"

ታለበች። ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ። ሌሎቹ ደንበኞች ወተት ረፈደብን እያሉ ተነጫነጩባት። ቦራ እንኳ መንገዱን ለምዳ ሳትሳብ ትሄድ ጀመር። ጥጃዋ አደገች፤ ወተቱ እያነሰ፣ እየወፈረ መጣ። አንድ ጠዋት ጋሽ ግዛቸው የትናንቱን ስልባቦት በማንኪያ አንስተው ብቅ አሉ።

"አየሽ ፈትያ? ቁጥጥር ሲኖር ወተት ይስተካከላል! በቃ፣ አምኜሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ቤትሽ አልበሽ አምጪ።"

ፈትያ የአራስ ላምን ነገር ደግማ ልታስረዳቸው አሰበች። የሚመልሱላትን ግን አስቀድማ አወቀችው።

"እንዳሉት ነው፣ ጋሼ።"

ገመዱን ስታነሳ እጇ የቦራን ሆድ ነካ። አርግዛለች። ትወልዳለች፤ እንገሩ ያልፋል፤ ያ ቀጭን ወተት ይመለሳል።

"ነይ እንሂድ" ብላ አጉረመረመች። "ገመዱን ግን አልጥለውም።"