የታችኛው ቤት ተረካቢ

ሂሩት ካናዳን በዓይኗ አይታ አታውቅም። እረፍት ውጪ ቢሏት የምትመርጠው መተኛት ነው፣ እንኳን ድንበር ልትሻገር። ነገር ግን ሳንት ኦዲል ስለምትባል አንዲት የካናዳ ገጠር አጥቢያ የሚረታት የለም። ወንዙ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደተተከለ፣ ከናዶ ቤት ቀጥሎ የማን ቤት እንደሚመጣ ጠይቋት። ሁሉንም የተማረችው ኩን ራፒድስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካለች ትንሽ ቤት፣ ከእማማ ኤርሚን ነው።

ሂሩት ሆም ኬር ትሠራለች። የምትኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ወንዙን ተከትላ ወደ ሰሜን እየነዳች እኚህን አሮጊት ልታጥብ፣ ልታለብስና ልታበላ ትሄዳለች። ሰውን በስሙ ብቻ መጥራት ስለማይሆንላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እማማ» አለቻቸው። ኤርሚንም ያደጉት እናትን «ማማ» በሚለው በፈረንሳይኛ ነውና ቃሉ እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ወዲያው አቤት አሉ።

ኤርሚን ቁርስ መብላት አለመብላታቸውን አያስታውሱም። አንድ ልጃቸውን ጄራርድን እንኳ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር የሚያምታቱበት ቀን አለ። ሳንት ኦዲልን ግን አንድ ጠጠር ሳያጎድሉ ይዘዋታል።

«ወንዛችን ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው» ይላሉ ሾርባቸውን እየጠጡ።

«የኛም ወደ ሰሜን ነው» አለቻቸው ሂሩት አንድ ቀን። «ዓባይ።»

«እንግዲያው ጎርፍ ታውቂያለሽ» አሉና እጇን ያዙ። በደቡብ በኩል በረዶው ሲቀልጥ በሰሜን ወንዙ ገና ድንጋይ ነው፤ ውሃው መሄጃ ያጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። የሳንት ኦዲል ሰው ይህን እያወቀ እዚያው ኖረ። መሬቱን የተካፈለው እንደ መቀነት በቀጭኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ፊቱን ወንዙ ላይ አድርጎ፣ ከጀርባው እርሻ፣ ከእርሻው ጀርባ ደን፣ ከደኑ ጀርባ የሣር መስክ። ማንም ውሃ እንዳያጣ ነው። ስለዚህ ቤቶቹ ተቀራረቡ፤ ቀኝና ግራ የሚባል ነገር ቀርቶ «ከኛ በላይ» እና «ከኛ በታች» ብቻ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከፈረንሳውያን የአውሬ ቆዳ ነጋዴዎችና ከአገሬው ሴቶች የተወለዱ ናቸው። ከግንድ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን በሻማ ተቃጠለ፤ በድንጋይ ሠሩት። ደወሉን በበሬ ጋሪ ከአሜሪካ፣ ከሴንት ፖል ድረስ አስመጡ፤ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ከረመ ይባላል። ኋላ ባቡሩ በማዶው ዳር አለፈ፣ ወጣቱም ባቡሩን ተከተለ። ኤርሚን ትንሽ ልጅ ሳሉ ደግሞ ትልቁ ጎርፍ መጣና የቀረውን በተነው። ጳጳሱ አጥቢያውን ዘጉት። ዛሬ እዚያ ያለው መቃብርና ስንዴ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነበር። ኤርሚን ከተቀመጡበት ብድግ ይሉና ከመደርደሪያው አሮጌ ቅርጫት አውርደው «ዳቦው! ዳቦው እኛ ጋ ነው!» እያሉ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ሂሩት እንግዲህ ያገሯ ልጅ ናት፤ አሮጊት «ዳቦ» እያለች እንዴት ዝም ትላለች? ቶስት በቅቤ፣ ቶስት በማር፣ «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ» እያለች ማጉረስ ሆነ ሥራዋ። እሳቸውም ላለማስቀየም ይጎርሱላታል፤ ጎርሰው ሲያበቁ ወደ በሩ። ወገባቸው ሰፋ፣ በሩን ግን አልተውትም።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሳምንት፣ ሂሩት ምድር ቤት ልብስ ልታጥብ በወረደችበት አፍታ ወጡ። በቤት ጫማ፣ ቅርጫቱን እንዳንጠለጠሉ፣ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጎረቤት መለሳቸው። ጄራርድ ከሚኖርበት ከፕሊማውዝ እየበረረ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ሌላ አንድ ጊዜ ከወጣች የሚቆለፍ ቦታ ነው የማስገባት» አላት። «ውሃ ውስጥ ከምትገባብኝ።»

ሂሩት መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። የሚቆለፍበትን ቦታ ታውቀዋለች፣ ሠርታበታለች። እማማ ኤርሚን እዚያ በር ሲደበድቡ ታያት። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ፤ ሴንት ፖል ያለችው ጓደኛዋ ፀዳለ ናት።

«ስሚ፣ እሑድ የማርያም ጽዋ እኔ ቤት ነው። ደግሞ እንደ ልማድሽ ሺፍት አለኝ ብለሽ ካንስል አድርጊና እንጣላለን!»

«ፀድዬ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም...»

«ደህና ሆነሽ ነይ። ተራው እኔ ላይ ወድቆ፣ ለሚቀጥለው ሳላስረክብ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቂያለሽ።»

ሂሩት እንባዋን መጥረግ ተወች። በማግስቱ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ኤርሚን ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ ዳቦው የተራ ነው እንዴ?»

«የተራ ነው እንጂ!» አሉ አሮጊቷ፣ ለምን እስከ ዛሬ ሳትጠይቂኝ ቀረሽ በሚል ዓይነት። በየእሑዱ አንድ ቤት ጋግሮ ለቡራኬ ይወስዳል፤ ከዚያ ቅርጫቱን ከተረፈው ዳቦ ጋር ከበታቹ ላለው ቤት ያስረክባል። ተራው እነሱ ጋ ደርሶ እናታቸው አቡክተው ሳለ ጎርፉ ገባ። ሊጡ ኩፍ ሳይል በጀልባ ወጡ፤ እናትየው ከዕቃው ሁሉ ቅርጫቱን ያዙ። እስኪሞቱም ድረስ «ተራችንን ሳናደርስ» እንዳሉ ቀሩ።

ቅዳሜ ሂሩት ዱቄት ይዛ መጣች። እሷ አትጋግርም፤ የሚደግሰው ባለተራው ነው። ኤርሚን አቦኩ፣ እጃቸው አንድም ነገር አልረሳም። አናቱ ላይ በቢላ መስቀል ሠሩበት። ዳቦው ወጥቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባ ግን ፊታቸው ጨለመ።

«ከኛ በታች ፎንቴን ነው። ፎንቴን ለምን አይመጣም?»

ሊጠይቃቸው መጥቶ የነበረው ጄራርድ ሊረዳ ብሎ እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ፣ እኔ ልውሰደው።»

«አንተማ ልጄ አይደለህም እንዴ?» አሉት በቁጣ። «ከገዛ ቤታችን ወደ ገዛ ቤታችን?»

ጄራርድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጄ ካሉት ስንት ጊዜው! ሂሩት ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ ኤርሚን ቀረበች። መዋሸት አልፈለገችም፣ በጽዋ ነገር አይዋሽም።

«እማማ፣ ይኸው በመስኮት የምናየው ወንዝ በእኔም ደጅ ያልፋል።»

«ከኛ በላይ ነሽ በታች?»

«በታች።»

«መካከል ላይ ሌላ ቤት የለም?»

«አለ» አለች ሂሩት። «እነሱ አልመጡም፣ እኔ መጥቻለሁ።»

ኤርሚን አሰቡ። ከዚያ ቅርጫቱን አንሥተው ሰጧት፤ እሷም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። እሳቸው ግን ጫፉን አልለቀቁም።

«ከአንቺ በታችስ ማነው?»

ሂሩት ይህን አላሰበችበትም ነበር። ስንት እሑድ ካንስል ያደረገች ሴት ማን አለኝ ትላለች? ግን ወንዙ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

«ፀዳለ» አለች። «ሴንት ፖል።»

«ደወላችን የመጣበት!» አሉና ለቀቁላት።

እሑድ ሂሩት ቅርጫቱን የመኪና ቀበቶ አስራለት ወደ ሴንት ፖል ወረደች። ፀዳለ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ሂሩትን፣ ቀጥሎ ዳቦውን አየች፣ ነገሩን ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀበለች። ማኅበርተኛው ሁሉ ከሳንት ኦዲል ዳቦ ቆረሰ። ሂሩትም እስኪመሽ አልተነሣችም።

ሰኞ ጄራርድ ከሥራ ቀርቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። ምሳ ተበላ። እማማ ኤርሚን ብድግ አሉ፣ ባዶውን መደርደሪያ በእጃቸው ዳሰሱ፣ ወደ በሩም ሄዱና ከፈቱት። ጄራርድ ሊሮጥ ሲል ሂሩት ክንዱን ያዘችው።

ኤርሚን ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ ወንዙ ተመለከቱ።

«የታችኛዋ ተቀበለችሽ?»

«በሁለት እጇ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ዝጊው» አሉ ወደ ወንበራቸው እየተመለሱ። «ብርድ ይገባል።»