ሐጂ ያልሞሉት ሶሌታ

ጁባ፣ ሐይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ የጅምላ መደብር ያላቸው አንድ የአገሬ ሰው አሉ። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ያን ሰሞን መደብራቸው በር ላይ ሁለት በግ ታስሮ ነበር። በጎቹ የብስኩት ካርቶን ሲያኝኩ ይውላሉ፣ በዚያ የሚያልፈው ሐበሻ ሁሉ ደግሞ ቆም ብሎ «ሐጂ፣ ሶሌታው መቼ ነው?» ይላል። እሳቸውም «ኢንሻአላህ ቅርብ ነው፣ እንዳትቀር!» ይላሉ።

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። ሐበሻ ቤት ሲሠራ ሶሌታ የሚሞላበት ቀን፣ ማለት የፎቁ ወለል አርማታ የሚፈስበት ቀን፣ የድግስ ቀን ነው። ባለቤቱ ያርዳል፣ ሠራተኛው ይበላል፣ ጎረቤት ይመርቃል። ባለቤቱ ሙስሊም፣ ሠራተኛው ክርስቲያን ከሆነ ሁለት በግ ይታረዳል። ቢላውም ድስቱም ለየብቻ ነው፤ አቀማመጣችን ግን አንድ ላይ ነው። ሐጂ ጁባ ውስጥ ሱቃቸው በግርግር ተዘርፎ ከባዶ እጅ የተነሱ ሰው ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ በኪራይ ቤት ስለኖሩ «የሰው ሶሌታ ሥር አረጀሁ» ይሉ ነበር። የራሳቸውን አስሞልተው ከሥሩ ቁጭ ብለው ሥጋ መብላት ነው ምኞታቸው።

የገዙት ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። ቋሚዎችና አንድ ሶሌታ ቆመውበታል። የዛገ ፌሮ ከላዩ ተንጨባሯል፣ ስንጥቁ ላይ የኒም ዛፍ በቅሎበታል። ጀማሪው ተኩስ ሲነሳ ጥሎ የሄደ ሰው ነው ይባላል። ቦታው ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ስለዞረ ስሙን የሚያውቅ፣ አገሩንም ሃይማኖቱንም የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሐጂ ለመደብራቸውና ለኪራይ ቢሮ የሚሆን ሕንፃ እንድንሠራላቸው ወደ እኛ ቢሮ ሲመጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ይሄን የሰው ፍርስራሽ አንሱልኝና የራሴን ሙሉልኝ» የሚል ነበር።

እኔ የምሠራው እዚያው ሰፈር ባለች ትንሽ የምህንድስና ቢሮ ነው። አለቃዬ የዚሁ አገር ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ያደገ መሐንዲስ ነው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፤ ሲናደድ ብቻ ወደ ጁባ አረብኛ ይሻገራል። ያን ጊዜ ለአስተያየት የተላከለትን የሕንፃ ሕግ ረቂቅ ያነብ ነበር። ረቂቁ ስለ ንግድ ሕንፃዎች ነው፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውንም ጥያቄ ይጠይቃል። ሕንፃው በሩን ሳይከፍት፣ አንድ አምፖል ሳያበራ፣ ስሚንቶውና ብረቱ ሲመረትና ሲጓጓዝ ምን ያህል ጭስ ወጣ ይላል። ስሙ ኢምቦዲድ ካርቦን ነው። ትምህርት ቤት ሕንፃ እንዴት እንደማይወድቅ አስተማሩኝ እንጂ ምን ያህል እንዳጨሰ የነገረኝ የለም።

እኔ ደግሞ ነገር ከገባኝ በኋላ አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ከድንበሩ ከኒሙሌ በኩል ስሚንቶ ይዞ የመጣውን ሹፌር «ፋብሪካው ምን ያነዳል?» ብዬ ያዝኩት፤ የፖሊስ ጆሮ ጠቢ መስዬው ሸሸኝ። ወንዙ ዳር ሸክላ ጡብ የሚያቃጥሉ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ግንድ በግንድ ላይ ሲማገድ ሳይ ዋልኩ። የዛፉ ግዙፍነትና የጡቡ ትንሽነት አልገናኝ አለኝ። ሙኑኪ ሰፈር ያለው ግቢያችን ስገባ አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ዛሬ ደግሞ የምን ጭስ ይዘሽልን መጣሽ?» ትለኛለች። ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳ ታየኛለችና እውነቷን ነው።

ከረቂቁ ሁሉ ልቤን የያዘው አንድ አንቀጽ ነው። ቦታው ላይ የቆመ አካል ካለ ሳይፈርስ በፊት ይፈተሽ ይላል። የእሱ ጭስ ወጥቶ አልቋል፤ አፍርሶ እንደገና መሙላት ሁለተኛ ማጨስ ነው። ገና ሕግ ስላልሆነ ሐጂን ማንም አያስገድዳቸውም። መሐንዲሱ ግን አንቀጹ ጁባ ላይ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በእውነተኛ ቤት ሳያይ አስተያየት መጻፍ አልፈለገም።

«ሂጂ አንቺ ንገሪያቸው፣ የአገርሽ ሰው ናቸው» አለኝ።

ሄድኩ። ስለ ጭሱ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ሐጂ የስኳር ጆንያ ተደግፈው በጥሞና ሰሙኝ፤ እንዲያውም «ስሚንቶ እንዲህ ያጨሳል?» ብለው ተገረሙ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ጭሱስ ይሁን። እኔ ሰው ጠርቻለሁ። መስጊድም ሰምቷል፣ የእናንተ ጸሎት ቤትም ሰምቷል። ያልሞላሁት ሶሌታ ሥር ምን ብዬ ነው የማርደው? ደግሞ ያ ሰውዬ እያለቀሰ የተወው ነገር ነው። እሱ ላይ ቤት ሠርቼ ይበጀኛል?»

አዘንኩላቸው። እኔ ሕንፃ ሳሰላ እሳቸው የሚያሰሉት ሌላ ነገር ነበር።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ጥንካሬውን እንይ። ደካማ ከሆነ ያለ ክርክር እናፈርሰዋለን።»

«በምን ታያላችሁ?»

«በመለኪያ መዶሻ እየመታን እንለካለን፣ ትንሽ ፈልፍለን ፌሮውን እናያለን። ረቂቁ ላይ ክብደት ጭኖ መሞከርም አለ፣ በውሃ ወይም በአሸዋ።»

ሐጂ ቀና አሉ። «በአሸዋ አሻን ሹኑ፣ ለምን ሲባል? እኔ አሸዋ አልሸጥም! ሶሌታው የእኔን ስኳር ነው የሚሸከመው። በስኳሬ ይሞከር።»

መሐንዲሱ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ አሰበበት። ክብደት ክብደት ነው። ጆንያ ደግሞ ሚዛኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ኒሙ ከነሥሩ ወጣ፣ ስንጥቁ ተጠገነ፣ የመዶሻው ልኬትም ደህና ሆነ። ከዚያ መደብሩ ተራግፎ ሶሌታው ላይ ወጣ ማለት እችላለሁ። ስኳሩ፣ ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ሁሉም። ከሥሩ ለክፉ ቀን የሚሆን ድጋፍ አቆምን፤ ድጋፉና ሶሌታው እንዳይነካኩ ክፍተት ተውን፣ መርገቡን የሚለካ መሣሪያም አሰርን። ማንም እንዳይገባ በገመድ አጠርን። ወሬው ሸሪካት ሰፈር ድረስ ተሰምቶ ሰው ሊያይ መጣ። ገሚሱ «ሐጂ ዕቃቸውን ፀሐይ ሊያሰጡ ነው» ይላል፣ ገሚሱ በልቡ ይጸልያል።

ሐጂ ከገመዱ ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን አልነቀሉም። እኔም እንደዚያ ቀን ጨንቆኝ አያውቅም። ቢወድቅ የሚወድቀው ያገኙት ሁሉ ነበር፤ ቢቆም ደግሞ የራሳቸው ሶሌታ የሚሉት ቀን ላይመጣ ነው። የትኛውን እንደሚመኙ መጠየቅ ፈርቼ ገመዱን ሳጠብቅ ዋልኩ።

በማግስቱ መሐንዲሱ መሣሪያውን ጎንበስ ብሎ አየ። ጆንያው ሲወርድ ደግሞ አየ። ሶሌታው በጥቂቱ ረግቦ ነበር፤ ሸክሙ ሲነሳለት ተመልሶ ቀና ብሏል።

«ከላስ፣ አበቃ» አለ። «ይሄ አይፈርስም። ያ ሰው በደንብ ነው የሞላው።»

ሁላችንም ወደ ሐጂ ዞርን። ሐጂ ተነሱና ገመዱን ዘለው ከሥሩ ገቡ። ቋሚውን በመዳፋቸው ዳበሱት። እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«በጎቹን አምጡ» አሉ።

ሙሌት የሌለበት የሶሌታ ድግስ እንዲህ ሆነ። በሁለት ቢላ ታረደ፣ በሁለት ድስት ተሠራ፣ ከዚያው ሥር ተቀምጠን በላን። መሐንዲሱ እየበላ አስተያየቱ ላይ ምን እንደሚጽፍ ይነግረኛል። አንቀጹ ሳይሰረዝ ይጽና፣ ባለቤቱ በሚሸጠው ዕቃ መሞከርም ይፈቀድ ሊል ነው። ረቂቁ እስከ ዛሬ ረቂቅ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ «የት ደረሰ?» እያለ ይጠይቃል።

ሐጂ ግን አልበሉም። ሁለት ሳህን ይዘው አንዱን ከእኛ ድስት፣ ሌላውን ከእነሱ ድስት አስሞሉና ከጥጉ ቋሚ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። እንደ ልማዴ ተከትያቸው ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለሞላው ሰውዬ ነዋ። ሞልቶ ሳይበላ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ሁለት ሳህን ለምን?»

«የማንን ሥጋ እንደሚበላ አላውቅማ» አሉ፤ ከዚያ ከሳህኖቹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው «አሁን የእኔን አምጪልኝ» አሉኝ።