ከአሰብ መርከብ ወርደው ጅማ የዋሉት ሽማግሌ

«መምህር፣ ነገ ክፍል አትገባም። የውጭ እንግዳ አለ፤ ታስተረጉማለህ» አለኝ ካድሬው።

ያኔ በደርግ ጊዜ ነው... ጅማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቀን ክፍል፣ ማታ መሠረተ ትምህርት፣ እሁድ ስብሰባ። ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። «ደክሞኛል» ማለት ደግሞ ያኔ መልስ አይደለም። እሺ አልኩ።

እንግዳው ጓድ ቨርነር የሚባሉ የምሥራቅ ጀርመን ሽማግሌ ናቸው። አገራቸው ወደብ ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ «ኮከብ ሠራተኛ» ተብለው በመርከብ ዓለም እንዲያዩ ተሸለሙ። መርከቧ አሰብ ጥቂት ቀን ስትቆም ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተጋደሙ። እሳቸው ግን «ጅማን ካላየሁ» ብለው ድርቅ አሉ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ከተሸከሙት የቡና ጆንያ ብዙው ላይ «ጅማ» የሚል ተጽፎበት ነበር።

ተለምኖ ተፈቀደላቸው። በአውሮፕላን ጠዋት ሦስት ሰዓት ገቡ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። በቃ፣ የአንድ ቀን እንግዳ።

ካድሬው ግን ያቺን ቀን በንግግር ሞላት። ቦሳ አዲስ ቀበሌ አዳራሽ ንግግር... ትምህርት ቤት ንግግር... ቡና ችግኝ ጣቢያ፣ ዝናብ እየወረደብን፣ ንግግር። እኔ እተረጉማለሁ። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብዬ ሳይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀናሁባቸው።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ በወደብ እንግሊዝኛቸው «ተሸካሚዎቹ የት ናቸው?» አሉኝ።

ነገርኩት ለካድሬው። ፊቱ ጠቆረ። «ፕሮግራም ውስጥ የለም።» ሽማግሌው ግን ላንድሮቨሩን ትተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። እንግዳ በግድ አይያዝ... ተከተልናቸው። የጅማው መርካቶ፣ አንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ደረስን።

እዚያ አባ ናስር ጆንያ ላይ ተቀምጠው አረፍ ብለዋል። ስልሳን ያለፉ፣ የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ተሸካሚ ናቸው። ጓድ ቨርነር አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው የቀኝ ትከሻቸውን አሳዩአቸው። እንቁላል የሚያህል እብጠት... ቆዳው እንደ ጫማ ሶል የደረቀ።

አባ ናስር አዩት። ቀስ ብለው ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ። ያው ቦታ፣ ያው እብጠት!

ሳቃቸውን ለቀቁት። «አልሃምዱሊላህ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ!» ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን ትከሻ እየዳሰሱ እንደ ልጅ ይስቃሉ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ ተሰበሰበ።

ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው።

«ጠይቀው እስቲ አስተማሪ» አሉኝ አባ ናስር። «አሁን መሸከም ከተወ ማን ያበላዋል?»

ጠየቅኩ። ጡረታ አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ ይሄው መርከብም ተሳፍረዋል። ነገርኳቸው። ሳቁ ከአባ ናስር ፊት ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«እኔን ደግሞ ማን እንደሚያበላኝ ንገረው። ይሄ ትከሻዬ ነው። የወደቀ ቀን እኔም ወደቅኩ። ወላሂ እንዲህ ብለህ ንገረው።»

ካድሬው ጆሮዬ ስር መጣ። «የተሸካሚዎቹ ማኅበር እንደሚጦራቸው ንገረው። ለአብዮቱ ምስጋና እንዳላቸውም ጨምር።»

ካድሬው እንግሊዝኛ ባይናገርም ይሰማል፤ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሚስቴ እርጉዝ ናት። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ተወስዶ ሳይመለስ ይቀር ነበር... አፌን ከፈትኩና «ማኅበሩ ይጦረኛል፤ ለአብዮቱም ምስጋና አለኝ ይላሉ» አልኩ።

ጓድ ቨርነር እኔን አዩ። የአባ ናስርን ባዶ እግር አዩ። ካድሬውንም አዩ። ከዚያ የአባ ናስርን እጅ ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«አይዞህ መምህር። እኛም አገር እንዲህ ነው የሚተረጎመው» አሉኝ።

ዞር ብዬ ካድሬውን አየሁ።

«ምን አለ?» አለ ካድሬው ወዲያው።

«አይ... የሁለቱ አገር ወዛደር አንድ ነው ነው የሚሉት።»

«ግሩም!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ተነሣ። ሽማግሌው ከመግባታቸው በፊት እጄን ጨብጠው ብዙ ቆዩ። እኔ ግን ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ስደነግጥ ከረምኩ። ሽማግሌው ለባለሥልጣን አንድ ቃል ተናግረው ቢሆንስ? ማንም አልመጣም። ሴት ልጃችንም በሰላም ተወለደች።

አባ ናስር መሸከሙን ቀጠሉ። መርካቶ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር፤ እውነቴን ነው። አንድ ቀን ግን በቆሎ ልገዛ ሄጄ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰላምታ ሳልጨርስ አፌ አመለጠኝ።

«አባ ናስር፣ ያን ቀን ያሉኝን አልነገርኩላቸውም። ይቅር ይበሉኝ።»

ጆንያውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ቆም አሉ።

«አውቃለሁ ልጄ። አንተ ስታወራ ካድሬው ፈገግ ብሏል እኮ። ሰውዬው ግን ያን ጊዜ እጄን ጨበጠኝ... ገብቶታል።»

ለካ ሁለቱ ያለ እኔ ተግባብተዋል፤ ያን ሁሉ ላብ ያፈሰስኩት ለማንም ሳልተረጉም ነው።