ያዘልኩት ገንፎ

ቀረብ በሉማ ልጆቼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ያኔም እንዲህ ክረምት ነበር፤ አተት የሚሉት ተቅማጥ መርካቶን ያስጨነቀበት ክረምት።

ልጄ አስቴር ሰፈራችን ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ገንፎ ይዤ ብሄድ ዘበኛው ጋሼ ታደሰ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። «ወረርሽኝ ነው፣ ምግብ አይገባም!» አሉኝ። አራስ ያለ ገንፎ? እኔ እያለሁ አይደረግም!

ቤት ተመልሼ ሌላ ትኩስ ገንፎ አገነፋሁ። ክዳን ባለው ሳህን አድርጌ፣ በነጠላ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት። የታመመ ልጅ ያዘለች ሴት ማን ይከለክላታል? ጎጃም በረንዳን በጋሪው መሃል ሳቋርጥ ጀርባዬ ተቃጠለ፤ ቻልኩት።

በሩ ላይ ጋሼ ታደሰ ያዘልኩትን ዳበስ አደረጉና ጮኹ።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ልጅ ነዷል!»

«ትንሽ አተኩሶት ነው።»

«ትንሽ? ሲስተር! ሲስተር!»

ነርሷ እየሮጠች መጥታ ነጠላውን ገልጣ ክዳኑን ብታነሳው ገንፎዬ ከነቅቤው፣ ከነበርበሬው ብቅ አለ። ጋሼ ታደሰ አማተቡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለምን ደበቁት እማማ?»

«ወረቀቱ ምግብ ይከለክላል ተባልኩ።»

«የሚከለክለው የቀዘቀዘ ምግብ ነው፤ ትኩስ ይግባ ይላል። ጋሼ፣ አላነበቡትም እንዴ?»

ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። ለካ እሳቸውም እንደኔው ፊደል አልቆጠሩም!

አስቴር ገንፎዋን ጥርግ አድርጋ በላች። አተቱም ከክረምቱ ጋር ሄደ። ያቺ የተወለደችው ልጅ ዛሬ ተማሪ ናት፤ በየበሩ የተለጠፈውን ለኔም ለጋሼ ታደሰም የምታነብልን እሷ ናት።