ባትሪዎቹ ሲፈሉ

«መስኮቱ ይከፈት ነው የምለው!»

«ሲከፈት ገበያው በሙሉ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የገበያ ቀን መሆኑን ረሱት እንዴ፣ ጋሼ?»

«ይግባ! የቲማቲም ሻጭ ጩኸት ሰው አይገድልም።»

ሳቅኩ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ሳቄን ዋጥኩት።

ጋሼ የጣቢያችን ቴክኒሺያን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያሳለፉ፣ የግራ ቅንድባቸው የሌለ ሰው ናቸው። የሚከራከሯቸው ኃላፊያችን ነበሩ፤ ከማስተማር በጡረታ ከወጡ በኋላ ይህችን ትንሽ የዲላ ሬዲዮ ጣቢያ ያቋቋሙ፣ ሁላችንም ቲቸር የምንላቸው ሴት። እኔ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ሥራ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ።

ዕቃ ቤቱ ስለሚያፈስ አራቱን ትልልቅ የመጠባበቂያ ባትሪዎች ስቱዲዮው ውስጥ አስገብተናቸው ነበር። አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ስቱዲዮ የምለው አንዲት ጠባብ ክፍል ነች። ግድግዳዋን ከወርቃ ከተማ በመጣ ባዶ የቡና ጆንያ ደራርበን ሸፍነነዋል፤ የባጃጅ ጡሩምባ እንዳይገባ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በስፖንጅ ደፍነናል። ጆንያዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይ ነበር። ድምፅ የማያስገባ ክፍል አየርም እንደማያስወጣ ከጋሼ በቀር ማናችንም አላሰብንም።

መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ ያን ዕለት ጠዋት መጣ። መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ባትሪዎቹን ለማሰራጫው ኤሌክትሪክ በሚመግበው ፓወር ሰፕላይ መሙላት ጀመርን። ጋሼ የፓወር ሰፕላዩን ማዞሪያ አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቮልት ላይ አቁመው፣ ማንም እንዳይነካው ፕላስተር ለጥፈውበታል። ቲቸር ግን ቶሎ እንዲሞላ ብለው ፕላስተሩን ልጠው ከአሥራ አምስት በላይ አሳለፉት። ሲያደርጉት አይቻለሁ። ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም።

ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሴን ግጥም በቀጥታ ስርጭት ላነብ ነበር። ባንኮ ጎቲቲ ገጠር ያለው አባቴ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ግን በእህቴ በኩል «እሰማዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ልኮልኝ ነበር። ስርጭቱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ወይም ቢቀር፣ ሁለተኛ ለእኔ ብሎ ሬዲዮ የሚከፍት አይመስለኝም ነበር።

ክርክሩ የተጀመረው ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ ነው፤ ገና በሩ ላይ ቆሙ። ክፍሉ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ባትሪ ጎኑ አብጦ ነበር፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ እንደ ተከደነ ሽሮ ሲንተከተክ ይሰማኛል። ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ምራቄ ብረት ብረት አለኝ።

«ሽታውስ ራስ ምታት ነው የሚያመጣው» አሉ ጋሼ። «እኔን የሚያስፈራኝ የማይሸተው ነው። ባትሪው ሲፈላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። ይሄን ክፍል ደግሞ እንደ ጠርሙስ ወትፋችሁታል።»

ነገሩን ላበርድ ብዬ «በቃ ያበጠውን ብቻ ልንቀለው» አልኩና እጄን ወደ ሽቦው መቆንጠጫ ሰደድኩ። ጋሼ አንጓዬን አፈፍ አድርገው ያዙኝ። እስኪያመኝ ድረስ አለቀቁኝም።

«መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ይጠፋል! ሳይጠፋ ከነቀልከው ብልጭ ይላል። ቅንድቤን ምን የወሰደው ይመስልሃል? ክብሪት አልጫርኩም። እንዲህች ያለችውን መቆንጠጫ ነው ያነሳሁት።»

እጄን ለቀው ማዞሪያውን ወደ ቦታው መለሱት።

«አሁን ይጠፋል። መስኮቱ ይከፈታል። አንድ ሰዓት እንጠብቃለን።»

«አንድ ሰዓት! ስምንት ተኩል አልፏል እኮ!» አሉ ቲቸር። «ገጠር ያለው ሁሉ ይጠብቀናል። ባትሪዎቹ ከመጡ ጀምሮ ሊፈነዱ ነው ሊፈነዱ ነው ይሉናል፤ እስካሁን የፈነዱት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ይህን ብለው ማዞሪያውን መልሰው ከፍ አደረጉት። መርፌው ተነሳ። መንተክተኩ ጥቂት ቆይቶ በረታ።

ጋሼ ከእሳቸው ጋር መነጋገሩን ተዉትና ወደ እኔ ዞሩ። «አጠገቡ የምትቀመጠው አንተ ነህ። እስቲ አንተ ተናገር። ይጥፋ ካልክ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፤ ማንም አያስቆመኝም።»

ወንበሬ ካበጠው ባትሪ አንድ ክንድ አይርቅም። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። የግጥሜን ወረቀት ማይክሮፎኑ ፊት ዘረጋሁት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ግጥሟ አጭር ናት።»

ጋሼ የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከኪሳቸው ዓይን ከብልጭታ የሚከላከለውን የሥራ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቴ ላይ አስቀመጡት።

«ስታነብ አድርገው። መቆንጠጫውን አትንካ።»

መሣሪያቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ እንዳይዘጋ ከሥሩ ጡብ አስደገፉበት።

የባጃጅ ጡሩምባና የነጋዴ ጥሪ ግልብጥ ብሎ ገባ። ቀዝቃዛ አየርም አብሮ ገባ፤ ፊቴ ላይ ተሰማኝ። ቲቸር ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጥልቀው በጣታቸው ወደ በሩ ጠቆሙ።

ተነሳሁ። ጡቡን በእግሬ ወደ ውጭ ገፋሁና በሩን ዘጋሁት።